እማዬ ትብላ፣ እኔ ልቀንስ፦ ለሚያረጅ አንጎል ምግብ እንዴት ይቀነሳል

ባለፈው አብይ ጾም ነው። እማዬ ከቤተክርስቲያን ተመልሳ መቀነቷን ስታጠብቅ አየኋት፣ ድሮ ሁለት ዙር ይበቃት የነበረው መቀነት ሶስት ዙር ዞሮ ጫፉ ተርፎ ተንጠልጥሏል። 73 አመቷ ነው። እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፣ ከዛ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ነካ ነካ አርጋ "በቃኝ" ትላለች። እኔ ደሞ 46 ነኝ፣ የቀሚሴ ዚፕ ቦርጬ ላይ ሲደርስ አልዘጋም ብሏል፣ ከሷ እኩል ጾሜ ግን 10 ሰዓት ላይ በዘይት የራሰ ፍርፍር የሁለት ሰው ድርሻ ነው ማነሳው። እና ቁጭ ብዬ ሳስበው በቤታችን ምግብ እየቀነሰ ያለው መቀነስ የሌለበት ሰው ነው፣ መቀነስ ያለበት ደሞ እኔ ነኝ።

"ትንሽ መብላት አንጎል እንዳያረጅ ያረጋል" ሚለው ነገር ቲክቶኩም ቴሌግራሙም ላይ ሞልቷል አይደል፣ እና ወሬው ከመሬት አልተነሳም፣ ግን ለማን፣ ስንት፣ ከምኑ ላይ ሚለውን ማንም አይነግራችሁም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ስለዚ ያነበብኩትን በሂሳብ ሰራተኛ አይን ነው ምነግራችሁ፣ መድሃኒት ምትወስዱ ሰዎች ደሞ ሐኪማችሁን ሳታናግሩ ምንም እንዳትጀምሩ፣ ለምን እንደሆነ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ ቶሎ ልበለውና ልለፈው። በ1935 አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ክላይቭ ማኬይ ሚባል ተመራማሪ አይጦችን ቫይታሚናቸውን ሳይነካ ምግባቸውን ብቻ ቀንሶ አሳደጋቸውና እንደልባቸው ከበሉት በላይ ኖሩ። ከዛ ነገሩ ወደ ጦጣ ሄደ። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ1989 ጀምሮ ሪሰስ ሚባሉትን ጦጣዎች 30 በመቶ ቀንሰው ሲመግቡ ከረሙና በ2009 ያወጡት ውጤት ላይ ቀንሰው የበሉት በስኳርና በልብ በሽታ ሚያዙት ትንሽ ሆኑ፣ አንጎላቸውም በኤምአርአይ ሲታይ አንዳንዱ ቦታው እንደ ጠገቡት አልተኮማተረም። ደስ ይላል። ግን የአሜሪካ መንግስት የእርጅና ምርምር ተቋም ያንኑ ሰርቶ በ2012 ሲያወጣ እድሜ ላይ ልዩነት አላየም! ምንድነው ነገሩ ተብሎ ሲጣራ አንዱ ምክንያት ምግቡ ራሱ ሆነ፣ የዊስኮንሲኖቹ ጦጣዎች ምግብ ከሩብ በላይ ስኳር ነበር፣ የሌሎቹ ግን 4 በመቶ እንኳን አይሞላም። እኔ ከዚ የያዝኩት፣ ስኳርና ኮተት ሚበላ ሰው ሲቀንስ ብዙ ያተርፋል፣ ድሮውንም ደህና ሚበላ ሰው ሲቀንስ ትርፉ ትንሽ ነው።

ሰው ላይስ? ጀርመን ሙንስተር ውስጥ 50 ጤነኛ ሰዎችን፣ አማካይ እድሜያቸው 60 አካባቢ፣ ሶስት ቦታ ከፍለው አንዱን ቡድን 30 በመቶ ቀንሱ አሉትና ከሶስት ወር በኋላ የዛ ቡድን ሰዎች የተነገራቸውን ቃላት አስታውሰው መጥራት ላይ 20 በመቶ አካባቢ ተሻሻሉ፣ በ2009 ነው የወጣው። ግን 50 ሰው ማለት የአንድ እድር ስብሰባ እንኳን አይሞላም፣ ሶስት ወርም ሶስት ወር ነው። ትልቁ ሙከራ ካለሪ ሚባለው አሜሪካ ውስጥ የተሰራው ነው፣ ከ200 በላይ ሰው፣ ሁለት አመት፣ ሁሉም ከ50 ያልበለጡና ወፍራም ሚባል ደረጃ ያልደረሱ። 25 በመቶ ቀንሱ ተባሉ፣ ባለሙያ አጠገባቸው እያለ፣ እየተመዘኑ፣ እየተመከሩ፣ በአማካይ የቻሉት 12 በመቶ አካባቢ ነው። እቺን 12 ያዙልኝ ኋላ እንፈልጋታለን። ማስታወስ ላይ ትንሽ መሻሻል ታይቷል፣ ትንሽ። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደሞ ከ65 በላይ የሆኑ ክብደት ያላቸው 604 ሰዎችን ለሶስት አመት ተከታትሎ ሁሉንም ምግባችሁን ትንሽ ቀንሱ ብሎ፣ ለአንጎል ጥሩ ነው ሚባል የምግብ አይነት ያዘዘለትን ቡድን የለመደውን ምግብ ከሚበላው ጋር ሲያስተያይ፣ ሁለቱም በፈተናው ተሻሻሉ፣ በመሃላቸው ግን ልዩነት የለም። ስለዚ "በ30 ቀን አንጎልዎን ያድሱ" ምናምን ሚላችሁን ሰው ዝም ብላችሁ አሳልፉት።

ለምን ይሰራል ተብሎ ሚታሰበው ደሞ እንዲህ ነው፣ አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ነው ግን ጉልበታችንን 20 በመቶ ይወስዳል፣ ስለዚ ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሴል ሚያስገባው ሆርሞን) በደንብ ካልሰራና የደም ስር ከተበላሸ ቀድሞ ሚጎዳው እሱ ነው፣ ቦርጭ ላይ ያለው ስብ ደሞ ሁለቱንም ያበላሻል። ሳንበላ ወደ 12 ሰዓት ምናምን ስንቆይ ጉበት ያስቀመጠው ስኳር እያለቀ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምርና ኪቶን ሚባል ነገር ያወጣል፣ አንጎል በሱም ይሰራል። ሴሎችም ውስጣቸው ያረጀውን ነገር እየቆራረጡ መልሰው ይጠቀሙበታል፣ የዚህን አሰራር ያገኘው ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 ኖቤል ወስዶበታል፣ ግን እሱ የሰራው በእርሾ ላይ ነው እሺ፣ በናንተ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ስራው።

በሜትር ጀምሩ። ሚዛን ከሌላችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፣ ወገባችሁን እምብርት አካባቢ ሳትስቡ ለኩት፣ ሆድ መሳብ የለም ማንም አያያችሁም። ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በታች ከሆነ፣ ለምሳሌ ቁመታችሁ 164 ሆኖ ወገባችሁ ከ82 ካነሰ፣ ምትቀንሱት ብዙም የለም፣ ወደ ጊዜውና ወደ ምግቡ አይነት እለፉ። ከበለጠና እድሜያችሁ ከ35 እስከ 60 አካባቢ ከሆነ ይሄ ጽሁፍ ለናንተ ነው። በ2024 ላንሴት ሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት የመርሳት በሽታን ሊያመጡ ሚችሉ ግን መከላከል ሚቻሉ 14 ነገሮች ሲዘረዝር ውፍረትን፣ ስኳርን፣ ግፊትንና ኮሌስትሮልን በመካከለኛ እድሜ ላይ ነው ያስቀመጣቸው። በጎልማሳነት፣ ልብ በሉ፣ ሰው 75 ከሞላ በኋላ አይደለም።

ከዛ ምንድነው ሚቀነሰው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ሚሳሳተው፣ ሰሃኑን ያያል። "ከዛሬ ጀምሮ አንድ እንጀራ ብቻ" ይልና ሶስተኛው ቀን ላይ ማታ 4 ሰዓት ፍሪጅ ከፍቶ ቆሞ ይገኛል (አውቃለሁ፣ ነበርኩበት)። እኔ ሰሃኑን ትቼ ጀሪካኑን አየሁ። ቤታችን አራት ሰው ነን፣ ባለ 5 ሊትር ዘይት አንድ ወር አትሞላንም ነበር፣ እሺ አንድ ወር እንበል። አንድ ሊትር ዘይት 8,000 ካሎሪ ያልፋል፣ 5 ሊትር ከ40,000 በላይ፣ ለ30 ቀን ለአራት ሰው ስታካፍሉት በሰው በቀን 340 ካሎሪ አካባቢ፣ ከዘይት ብቻ! ማንም "ዛሬ ዘይት በላሁ" አይልም እኮ። ያቺኑ ጀሪካን 50 ቀን እንድትቆይ ብናረጋት፣ ማለትም በወር 3 ሊትር፣ በሰው በቀን 140 ካሎሪ አካባቢ ወረደ፣ ሰሃን ላይ ያለው እንጀራ ሳይነካ።

አሰራሩ ቀላል ነው ግን መጀመሪያ ያናድዳል። ዘይት ከጀሪካኑ ወደ ድስት በቀጥታ አይፈስም፣ በቃ ይሄ ህግ ነው። የሾርባ ማንኪያ ጀሪካኑ አንገት ላይ በላስቲክ አሰርኩት፣ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ አካባቢ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በደረቁ ታቁላሉታላችሁ፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያረጋችሁ፣ ድሮም እናቶቻችን እንዲህ ነው ሚሰሩት፣ ሽንኩርቱ በደንብ ቀልቶ ከተልፈሰፈሰ በኋላ ነው ዘይቱ ሚገባው፣ አራት ሰው ለሚበላው ወጥ ሶስት ማንኪያ። መጀመሪያ ሳምንት ልጄ "ወጡ ደርቋል" አለ፣ ሁለተኛው ሳምንት ዝም አለ።

ቀጥሎ ስኳር። እኔ ቡና አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም እጠጣለሁ፣ በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ስድስት ማንኪያ ማለት 24 ግራም፣ ወደ 100 ካሎሪ። በአንዴ አትተዉት፣ ቡናውን ትጠሉታላችሁ። ሳምንት ሳምንት ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ በወር ዜሮ ገባሁ፣ አሁን በስኳር ስቀምሰው ሽሮፕ ነው ሚመስለኝ። ከዘይቱ 140፣ ከቡናው 100፣ ድምሩ 240። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 240 ማለት 12 በመቶ ነው። እነዛ አሜሪካ ውስጥ ሁለት አመት ሙሉ በባለሙያ እየተጠበቁ የቀነሱት ማለት ነው፣ በጀሪካንና በሲኒ ተገኘ። ለስላሳ ምትጠጡ ደሞ ከሱ ጀምሩ፣ አንድ 300 ሚሊ ኮካ ውስጥ ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ፣ ቢራም ጠርሙሱ 140 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ ስለሱ ባለቤቴ እንዳነሳ አይፈልግም።

ከዚ በላይ ቶሎ ቶሎ ለመቀነስ አትሞክሩ። በ1944 እና 45 ሚኒሶታ ውስጥ አንሰል ኪስ ሚባለው ሳይንቲስት 36 ጤነኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት በቀን 1,570 ካሎሪ አካባቢ ብቻ አበላቸው፣ ለነሱ ሰውነት ግማሽ ምግብ ማለት ነው። ምን ሆኑ? ተነጫናጭ ሆኑ፣ ድብርት ገባቸው፣ ማንበብ ሐሳብ መሰብሰብ አቃታቸው፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ሚያወሩ፣ የምግብ አሰራር መጽሐፍ ሚሰበስቡ ሰዎች ሆኑ። ለአንጎል ብላችሁ አንጎላችሁን እንዲህ ምታረጉት ከሆነ ቢቀርባችሁ ይሻላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ እራታችንን ማታ 3 ሰዓት ዜና እያየን ነበር ምንበላው፣ ወደ 1 ሰዓት አመጣነው፣ ቁርስ ጠዋት 1 ሰዓት፣ መሃሉ 12 ሰዓት ሆነ፣ ውሃ ይጠጣል። ከዚ በላይ 16፣ 18 ሰዓት ምናምን መጓዝ ሚፈልግ ሰው መብቱ ነው፣ ግን በ2024 በታተመ አነስ ያለ ጥናት በሳምንት ሁለት ቀን በጣም ቀንሰው ሚበሉትና በየቀኑ ጤናማ ምግብ ሚበሉት በስምንት ሳምንት ሁለቱም ተሻሽለዋል፣ ማለትም የሰዓት ቆጠራው አስማት የለውም፣ ሚመቻችሁን ያዙ።

ጾም ላይ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሁሌ ሚጠየቀው እሱ ነው፣ "እኛ እኮ እንጾማለን፣ አይበቃም ወይ?" ጾም ለነፍስ ነው፣ እሱን ለካህናቱ ልተወው፣ ለሰውነት ግን ይጠቅማል አይጠቅምም ሚወስነው 9 ሰዓት ላይ ምትበሉት ነገር ነው። ከቢሮ ስወጣ በር ላይ ሳምቡሳ፣ ቤት በዘይት የራሰ ፍርፍር፣ ማታ ደሞ ቦንቦሊኖ በሻይ፣ አብይ ጾምን 55 ቀን ጾሜ በፋሲካ ሁለት ኪሎ ጨምሬ የወጣሁበት አመት አለ። አሁን መፍቻዬ ምስር ወይ ሽሮ ነው፣ አጠገቡ ብዙ ጎመን፣ ቀስ ብዬ፣ እና ከአንደኛው እንጀራ በኋላ ሃያ ደቂቃ ተነስቼ እቃ አጥባለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን አልፈልገውም። ረመዳን ላይም እንደዛው ነው፣ በቴምርና በሾርባ ጀምሮ ሰግዶ መመለስና ከዛ መብላት፣ ሳምቡሳውን ቆጥሮ፣ ውሃውን ደሞ ከአፍጥር እስከ ሱሁር ከፋፍሎ።

ጾም ላይ አንድ ነገር ግን አትዘንጉ፣ ቢ12። ይሄ ቫይታሚን በተፈጥሮ ሚገኘው ከስጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከአሳ ነው፣ ከሽሮና ከጎመን አይገኝም። ሁሉንም አጽዋማት ሚጾም ሰው በአመት ከ180 ቀን በላይ ከነዚህ ይርቃል፣ በፍስክ ቀንም በኑሮ ውድነት እንቁላል ካላየ አስቡት። ሰው ሲያረጅ ደሞ ሰውነቱ በደንብ አይስበውም፣ ለስኳር ሚሰጠው ሜትፎርሚንና ለጨጓራ ሚሰጠው ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱም ይቀንሱታል። ሲያልቅ እግር ይደነዝዛል፣ መርሳት ይመጣል፣ ሰፈር "ጃጁ" ይላል፣ በደም ምርመራ ሚታይና በመርፌ ወይ በክኒን ሚስተካከል ነገር ሆኖ ሳለ! ሽማግሌ ቤት ካላችሁ ይሄን ምርመራ በስሙ ጠይቁ።

እና ስለ እማዬ። ሰው ከ65፣ 70 ካለፈ በኋላ ሒሳቡ ይገለበጣል፣ ጡንቻ ራሱ እየቀለጠ ነው፣ ከሱ ላይ ስትቀንሱበት መውደቅ፣ መሰበር፣ አልጋ ላይ መዋል ነው ሚመጣው። ደሞ ሳይፈልጉት መክሳት የመርሳት በሽታ ቀድሞ ሚያሳየው ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ሰውየው መርሳቱ ሳይታወቅ አመታት ቀድሞ ክብደቱ ይወርዳል። ስለዚ "እሰይ፣ ቀለል አለች" አትበሉ። በስድስት ወር እስከ አመት ውስጥ ከክብደቷ 5 በመቶ ከወረደ፣ 60 ኪሎ የነበረች 57 ከሆነች ማለት ነው፣ ሐኪም ጋ። ሚዛን ከሌለ መቀነት አለ፣ ቀለበት ከጣት መሾለክ አለ፣ ሰው ሰራሽ ጥርስ ልቅ ማለት አለ። እማዬን ወስደናት የታይሮይድም የስኳርም ተመርምራ ደህና ነች፣ ችግሩ መንጋጋዋ ላይ ያለ አንድ ጥርስ ሆኖ ተገኘ፣ ያምማታል አትናገርም፣ "በቃኝ" ምትለው ለሱ ነው። ጥርሱ ተነቀለ።

በዚ እድሜ ሚያስፈልገው ፕሮቲን በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው፣ 55 ኪሎ ለሆነች ሴት ቢያንስ 55 ግራም በቀን። አንድ እንቁላል 6 ግራም አካባቢ አለው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ ብርጭቆ ሙሉ የተቀቀለ ምስር 18 አካባቢ፣ ቆጥራችሁ ስታዩት ግማሽ እንጀራ በሽሮ የትም አይደርስም። በጾም ምስርና ሽምብራ ጨምሩ፣ በፍስክ እንቁላልና እርጎ፣ በቀን ሶስቴ ትንሽ ትንሽ። ከምግቡ ጋር ደሞ እንቅስቃሴ፣ እማዬ ከወንበር እጇን ሳትደገፍ አስር ጊዜ ትነሳለች ትቀመጣለች፣ እኔም አብሬያት፣ እኔ ነኝ ቀድሜ ምደክመው።

መድሃኒት ያልኩት ይሄ ነው፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ ሚወስድ የስኳር ታማሚ መድሃኒቱን ውጦ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ይወርዳል፣ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል፣ የልጁን ስም ይሳሳታል። ይሄ እርጅና አይደለም፣ ወዲያው ጣፋጭ ነገር አጠጡት፣ ራሱን ከሳተ ግን ምንም አፉ ውስጥ ሳታረጉ ወደ ሐኪም ቤት። ስኳር በጣም መውረዱ ሲደጋገም አንጎልንም ይጎዳል፣ ማለትም ለአንጎል ብሎ የጀመረው ነገር ተገልብጦ መጣ። የግፊት መድሃኒት ሚወስዱትም ውሃ ሳይጠጡ ሲውሉ ሲነሱ ያዞራቸዋል። ከጾሙ በፊት የመድሃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ።

"አልጾምም" ማለት ለአዛውንት ከባድ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔ ብነግራት እማዬ "አንቺ ማነሽ" ነው ምትለኝ። ስለዚ አልነገርኳትም፣ የንስሐ አባቷ ቤት ሲመጡ ቡና አፍልቼ የሐኪሙን ወረቀት ሰጠኋቸው፣ አነበቡት፣ "እማማ፣ ለእርስዎና ለህመምተኛ ጾሙ ይቀላል፣ ጠዋት በልተው መድሃኒትዎን ይዋጡ" አሏት፣ አለቀ። ሙስሊም አዛውንት ቤት ያላችሁም መጾም ለማይችል ሰው ፊድያ እንዳለ ታውቃላችሁ፣ ኢማሙን አስመክሩ፣ ከልጅ አፍ ሲሰሙት አይዋጥላቸውም።

አሁን ጠዋት በፍስክ ቀን እንቁላል ትበላለች። ማለት፣ ትበላለች ብዬ አስብ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት ከጓዳ ስመለስ እንቁላሉን ልጣ ለልጄ በጠረጴዛ ስር ስታቀብለው ያዝኳት። አሁን ሁለት ነው ምንቀቅለው፣ ልጁ የራሱን ፊቷ ከበላ በኋላ የሷን እሰጣታለሁ፣ እስክትጨርስ ያለ ስኳር ቡናዬን ይዤ አጠገቧ ነኝ።